ቲሲኢው አለቀ፣ ሲስ-ዲሲኢው ግን ንቅንቅ አልል አለኝ፣ ጠርሙሶቼ ምን ነካቸው?

ሰረምቦትል፦
ሰላም ወገኖች እንዴት ናችሁ። እዚ ቤት ዝም ብዬ ማነብ ነበርኩ ዛሬ ግን ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። የማስተርስ ስራዬ በቲሲኢ (ትራይክሎሮኢቲሊን፣ 3 ክሎሪን ያለው የማሽን ቅባት ማጽጃ ፈሳሽ) ከተበከለ ቦታ የመጣ ደለልና የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን በሌለበት ቲሲኢውን እስከ ኢቲሊን ድረስ ያወርዱታል ወይስ አያወርዱትም የሚል ነው። 160 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ጠርሙሶች፣ ውስጣቸው 100 ሚሊ ውሃና ደለል፣ ከላይ ናይትሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ወፍራም የጎማ ክዳን በአሉሚኒየም የታሰረ፣ ኦክስጅን ከገባ ሮዝ ሆኖ እንዲያሳብቅልኝ ሬሳዙሪን ጠብ አድርጌበታለሁ። ምግብ እንዲሆናቸው 5 ሚሊሞላር ላክቴት፣ ቲሲኢ ደግሞ 10 ሚሊግራም በሊትር።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። በ3 ሳምንት ውስጥ ቲሲኢው ከጂሲው (ጋዞችን ለይቶ ከሚለካው ማሽን) ላይ ጠፋ፣ በአውቶክሌቭ የገደልኩት ኮንትሮል ውስጥ ግን እንዳለ ቁጭ ብሏል፣ ስለዚ ስራው የባክቴሪያ ነው ብዬ ለአድቫይዘሬ ሳይቀር ፎክሬአለሁ። ሲስ-ዲሲኢ (ቲሲኢ አንድ ክሎሪን ሲነቀልለት የሚሆነው) ወጣ ወጣና 7.2 ሚሊግራም በሊትር ላይ ደረሰ፣ በቃ። ዛሬ 84ኛ ቀኔ ነው አሁንም 7.2። ቪሲ (ቪኒል ክሎራይድ፣ አንድ ክሎሪን ብቻ የቀረው) የለም፣ ኢቲሊን የለም። 3ኛው ጠርሙስ ላይ ብቻ ከመስመሩ ትንሽ ብቅ ያለች ነገር አለች፣ ቪሲ ትሁን የማሽኑ ጫጫታ አላወቅኩም። ሌላው ግራ የገባኝ 10 ገብቶ 7.2 ነው የወጣው፣ 2.8ቱ የት ገባ? ጎማው እያሾለከብኝ ነው? የምታውቁ እባካችሁ።

ሞላሰስ_አፍስ፦
ቀላል ነው እህቴ፣ ርቧቸው ነው። ላክቴቱን 20 አድርጊው ትላንት የቆመው ነገ ይነሳል። እኛ ፊልድ ላይ ሞላሰስ በበርሜል ነው የምንለቅላቸው።

ባለጂሲው፦
ቆይ ከምግቡ በፊት የጠፋብሽን 2.8 ላግኝልሽ። ምንም አልጠፋብሽም፣ ሚሊግራም ነው ያታለለሽ። ክሎሪን ከባድ አቶም ነው፣ ሲነቀል በቦታው የሚገባው ሃይድሮጅን ደግሞ ከአቶም ሁሉ ቀላሉ ነው፣ ስለዚ ሞለኪዩሉ ቁጥሩ ሳይቀንስ ኪሎው ይቀንሳል። አንድ ሞል ቲሲኢ 131.4 ግራም ነው ሚመዝነው፣ ዲሲኢ 96.9፣ ቪሲ 62.5፣ ኢቲሊን 28። የአንቺ 10 ሚሊግራም ወደ 76 ማይክሮሞል ነው። 76 ማይክሮሞል ዲሲኢ ስትመዝኚው 7.4 ሚሊግራም ይመጣል። 7.2 አገኘሽ ማለት 98 ከመቶ አካባቢ እጅሽ ላይ አለ፣ ጎማው አላሾለከም፣ እንዲያውም ንጹህ ስራ ነው የሰራሽው። ሁሉም ቪሲ ቢሆን 4.8 ነበር የምታይው፣ ሁሉም ኢቲሊን ቢሆን 2.1። ይሄን ያልገባቸው ሰዎች በሚሊግራም ግራፍ ሰርተው "ብክለቱ በ30 ከመቶ ቀነሰ" ብለው ሪፖርት ሲጽፉ አይቻለሁ፣ አንድ ሞለኪዩል እንኳን ሳይጠፋ። ከዛሬ ጀምሮ ግራፉን በማይክሮሞል ብቻ ሳዪው።

ደሞ ኢቲሊን ስትፈልጊ ውሃው ውስጥ ብቻ እንዳትፈልጊ፣ ውሃ አይወድም አብዛኛው ላይኛው አየር ላይ ነው የሚቀመጠው። ካሊብሬሽንሽን በተመሳሳይ ጠርሙስ፣ በተመሳሳይ ውሃና አየር ነው የሰራሽው?

ሰረምቦትል፦
ኡፍ ተባረክ፣ ሁለት ሳምንት ነው እኮ ጎማውን ስጠረጥር የከረምኩት። አዎ ካሊብሬሽኑን በተመሳሳይ ጠርሙስ ነው የሰራሁት፣ ቁጥሮቹም ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን በሙሉ ውሃ ላይ እንዳለ ቆጥሬ ነው።

ጭቃ_ወዳድ፦
@ሞላሰስ_አፍስ ወንድሜ ርቧቸው አይደለም፣ ሂሳቡን እንስራው። ከቲሲኢ ላይ 3 ክሎሪን ለመንቀል ለእያንዳንዱ 2 ኤሌክትሮን ያስፈልጋል፣ ማለትም በአንድ ቲሲኢ 3 ሃይድሮጅን ሞለኪዩል። 76 ማይክሮሞላር በ3 ሲባዛ 228። አንድ ላክቴት ሲቦካ አሴቴት ሆኖ 2 ሃይድሮጅን ይለቃል፣ 5 ሚሊሞላር ላክቴት ማለት 10,000 ማይክሮሞላር ሃይድሮጅን። ከሚያስፈልጋት 44 እጥፍ ሰጥታለች! ላክቴቱ ያለቀ ቢሆን እንኳን አልቆ የሄደው ወደ ሌላ ሰው አፍ ነው። @ሰረምቦትል ጂሲሽ ላይ ሚቴን ስንት ነው?

ሰረምቦትል፦
ሚቴንማ ሞልቷል። ፒኩ ከስኬሉ ወጥቶ ነው ያለው፣ እንደውም መርፌ ስሰካ ሲሪንጁን ወደ ኋላ ይገፋዋል።

ጭቃ_ወዳድ፦
ይኸው ሌባው ተገኘ። ሚቴን ሰሪዎቹ ሃይድሮጅንሽን ጠጥተውታል። ክሎሪን ነቃዮቹ ከሚቴን ሰሪዎቹ የሚበልጡት ሃይድሮጅን በጣም ጥቂት ሲሆን ነው፣ ወደ 2 ናኖሞላር ድረስ የወረደ ሃይድሮጅን መልቀም ይችላሉ፣ ሚቴን ሰሪዎቹ ደግሞ ከ10 ናኖሞላር በታች ሲሆን እጃቸውን ያጣጥፋሉ። ስለዚ ድግሱ ሲበዛ ሁሉም ይበላል፣ ድርቆሽ ሲሆን ግን የኛዎቹ ያሸንፋሉ። ቀስ ብሎ የሚቦካ ነገር፣ ፕሮፒዮኔት ወይ ቡቲሬት፣ ወይ ፊልድ ላይ ኢመልሲፋይድ የምግብ ዘይት የሚመረጠው ለዚ ነው፣ ሃይድሮጅኑን ጠብ ጠብ እያደረገ ነው የሚሰጠው።

ግን ልብ በይ፣ ይሄ ብቻውን ዲሲኢ ላይ መቆምን አያስረዳም። 44 እጥፍ ካለ ሌባው ሰርቆም ይተርፋል። ሌላ ነገር አለ።

ተራ_አንባቢ፦
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፣ እኔ የኬሚስትሪ ሰው አይደለሁም ግን ክሩ ይዞኛል። አንድ ነገር ብቻ፣ ባክቴሪያ ቲሲኢን ምን ሊያደርግለት ነው? ይበላዋል? ሞተር ማጽጃ ፈሳሽ ይበላል እንዴ?

ጭቃ_ወዳድ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው እዚ ጋ ነው የሚሳሳተው። አይበላውም፣ ይተነፍሰዋል። አንተ ምግብ ትበላለህ፣ ከምግቡ የወጣውን ኤሌክትሮን ኦክስጅን ላይ ትጥለዋለህ፣ ኦክስጅን ለአንተ የኤሌክትሮን መጣያ ነው ማለት ይቻላል። ኦክስጅን የሌለበት ቦታ ያለ ባክቴሪያ ሌላ መጣያ ይፈልጋል፤ ናይትሬት ካለ ናይትሬት፣ ከዛ ማንጋኒዝ፣ የዛገ ብረት፣ ሰልፌት፣ መጨረሻ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ (ሚቴን የሚሆነው)። ክሎሪን የያዘ ሶልቨንትም እዚ ሰልፍ ውስጥ ይገባል፣ ያውም ጥሩ ቦታ ነው ያለው፣ አንድ ክሎሪን ሲነቀል ለአንድ ሞል ከ130 እስከ 180 ኪሎጁል አካባቢ ይለቀቃል፣ ከሰልፌትና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዙ ይሻላል። ሃይድሮጅኑ ምግቡ፣ ቲሲኢው ኦክስጅኑ። ኤሌክትሮኑ ሲገባ ክሎሪኑ ክሎራይድ ሆኖ ውሃ ውስጥ ይቀራል፣ ያው ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ።

እና መውረጃው ደረጃ አለው። ፒሲኢ (ቴትራክሎሮኢቲሊን) 4 ክሎሪን፣ ቲሲኢ 3፣ ሲስ-ዲሲኢ 2፣ ቪሲ 1፣ ኢቲሊን 0። ኢቲሊን ፍራፍሬ ሲበስል የሚለቀው ጋዝ ራሱ ነው፣ ጉዳት የለውም። ችግሩ ያለው ደረጃውን እስከ ታች ወርዶ የሚጨርሰው ሁሉም ባክቴሪያ አለመሆኑ ነው። ፒሲኢንና ቲሲኢን እስከ ሲስ-ዲሲኢ የሚያወርድ ብዙ አለ፦ ዲሃሎባክተር፣ ዲሰልፊቶባክቴሪየም፣ ሰልፈሮስፒሪለም፣ ጂኦባክተር ሎቭሊይ። እነዚህ ዲሲኢ ላይ ሲደርሱ "እኛ ከዚ በላይ አንሄድም" ብለው ይቆማሉ። ከዛ ወደታች የሚወስደው ዲሃሎኮኮይድስ ነው፣ እና የቅርብ ዘመዱ ዲሃሎጅኒሞናስ። ሌላ የለም ማለት ይቻላል።

ዲሃሎኮኮይድስ የምር የሚገርም ፍጥረት ነው ልቀጥል? ሰው ካልሰለቸ።

ተራ_አንባቢ፦
ቀጥል እንጂ!

ጭቃ_ወዳድ፦
እሺ። በ1985 ቮግልና ማካርቲ ፒሲኢ ኦክስጅን በሌለበት ወደ ቪሲ እንደሚወርድ አሳዩ፣ ያኔ ዜናው መጥፎ ነበር ምክንያቱም ቪሲ ካንሰር አምጪ መሆኑ ይታወቃል። በ1989 ፍሪድማንና ጎሴት ደግሞ ኢቲሊን ድረስ መውረድ እንደሚቻል አሳዩ። ግን ማን ነው የሚሰራው? ባክቴሪያውን ለብቻው ለማውጣት እስከ 1997 ፈጀ፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ፣ የማይሞ-ጋቴልና የዚንደር ቡድን፣ ስትሬን (ዝርያ) 195። የመጀመሪያው ዘር የመጣው ከፍሳሽ ማጣሪያ ዝቃጭ ነው። ለምን ያ ሁሉ አመት? ብቻውን መኖር የማይችል ሰነፍ ስለሆነ ነው (በፍቅር ነው)። የሚበላው ሃይድሮጅን ብቻ፣ ካርቦን የሚወስደው ከአሴቴት፣ የሚተነፍሰው ክሎሪን የተሸከመ ሞለኪዩል ብቻ። ስኳር ብትሰጠው አያይህም። ጂኖሙ በ2005 ሲነበብ 1.47 ሚሊዮን ቤዝ ብቻ ሆኖ ተገኘ፣ ኢኮላይ 4.6 ሚሊዮን አለው። ከዛች ትንሽ ጂኖም ውስጥ ግን ክሎሪን የሚነቅሉ ኢንዛይሞች ጂን እስከ 17። ቤቱ ሌላ እቃ የለውም መዶሻ ብቻ ነው ያለው በሉት።

የሴል ግድግዳውም እንደሌላው ባክቴሪያ አይደለም፣ ፔፕቲዶግሊካን የለውም፣ ስለዚ አምፒሲሊን አይነካውም። ሰዎቹ ይሄን ነበር የተጠቀሙት፣ አምፒሲሊን ጨምረው ጎረቤቶቹን እየገደሉ እሱን አስቀሩት። በ2013 ዲሃሎኮኮይድስ ማካርቲ ተብሎ በፔሪ ማካርቲ ስም መደበኛ ስም ወጣለት።

ከሁሉም ግን ለ@ሰረምቦትል የሚጠቅማት ይሄ ነው፦ ክሎሪን ነቃዩ ኢንዛይም መሃሉ ላይ ኮባልት አለው፣ ቪታሚን ቢ12 አይነት ነገር፣ እና ዲሃሎኮኮይድስ ራሱ ቢ12 መስራት አይችልም። ጎረቤት ነው የሚሰራለት። ጎረቤት ያስፈልገዋል፣ ግን ጎረቤቱ ሃይድሮጅኑን ይሰርቀዋል፣ ጣጣው ይሄ ነው።

ጠርጣሪ፦
እኔ ደግሞ ይሄን ሁሉ አድናቆት ሳይ ይገርመኛል። ቲሲኢ መጥፎ ነው እሺ። እናንተ ግን ሞላሰስ አፍስሳችሁ ወደ ቪሲ ነው የምትቀይሩት፣ ቪሲ ደግሞ የባሰ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት (ኢፒኤ) ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ለቲሲኢ 5 ማይክሮግራም በሊትር ነው ለቪሲ 2። ይሄ ከድጡ ወደ ማጡ ካልሆነ ምን ይባላል? ዝም ብሎ ቲሲኢውን ፓምፕ አድርጎ ማውጣት አይሻልም?

የጉድጓድ_ሰው፦
ጠርጣሪ ልክ ነህ፣ ግማሹን። በዚ ስራ 20 አመት ቆይቻለሁ ቪሲ ላይ ያቆመ ቦታ አይቻለሁ። ሰው መኖሪያ አጠገብ ከሆነ ጋዙ ወደ ቤት ወለል ሊወጣ ይችላል፣ ያስፈራል፣ ሳይለካ መርፌ ማስገባት ወንጀል ነው እላለሁ። ግን "ፓምፕ አድርጎ ማውጣት" ያልከው ላይ ልመልስልህ። ቲሲኢ ከውሃ ይከብዳል፣ የአንድ ሊትሩ ክብደት 1.46 ኪሎ፣ ፒሲኢ 1.62። መሬት ላይ ሲፈስ እንደ ነዳጅ ውሃው ላይ አይንሳፈፍም፣ ይሰምጣል፣ በአሸዋው መሃል እየተንጠባጠበ ወርዶ ሸክላ ላይ ይተኛል፣ ሸክላው ውስጥም ይገባል። ከዛ ለአስርት አመታት ትንሽ ትንሽ ወደ ውሃው እየሟሟ ይወጣል። ውሃውን 30 አመት ፓምፕ ብታደርግ ፓምፑን ባጠፋህ በአመቱ ቁጥሩ ተመልሶ ይወጣል። ባክቴሪያው የሚሻለው እዚያው ታች፣ ምንጩ አጠገብ ሆኖ ስለሚሰራ ነው።

ቪሲን በተመለከተ ደግሞ፣ ኦክስጅን ያለበት ክፍል ሲደርስ የሚበሉት ብዙ ባክቴሪያዎች አሉ፣ ቪሲ ለኦክስጅን ወዳዶቹ ቀላል ነው። ፒሲኢ በተቃራኒው ነው፣ 4 ክሎሪን ተሸክሞ ኦክስጅን ባለበት ማንም አይነካውም ማለት ይቻላል። ክሎሪን ሲበዛ ያለ ኦክስጅን ይቀላል፣ ክሎሪን ሲያንስ በኦክስጅን ይቀላል፣ ይሄን ካወቅክ የቦታውን ካርታ ማንበብ ትችላለህ።

አሁን የኔን ቁስል ልንገራችሁ። አንድ ቦታ ላይ ስራውን የያዘው ድርጅት (ስሙን አልጠራም) እንደ ወንድማችን ሞላሰስ_አፍስ ነበር፣ ሞላሰስ በገፍ። 3 ወር ቲሲኢ ወደቀ፣ ሁሉም ተጨባበጠ። ከዛ ዲሲኢ ላይ ቆመ። ጉድጓዱን ስከፍት ጣፋጭና ኮምጣጣ የተቀላቀለ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፣ ወይን ሲበላሽ እንደሚሸተው፣ ውሃው ቡና ቀለም ሆኗል፣ ፒኤች ሜትሩን ስከት 5.1። ሞላሰሱ ሲቦካ አሲድ፣ ክሎሪኑ ሲነቀልም ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ድንጋዩ ደግሞ ኖራ የለበትም የሚያበርደው የለም። ዲሃሎኮኮይድስ ፒኤች 7 አካባቢ ነው የሚወደው፣ ከ6 በታች ስራ ያቆማል። ሚቴንና ኮምጣጤ ሰርተን ቀረን። ባይካርቦኔት እየከተትን ለማስተካከል ከአመት በላይ ፈጀ። ስለዚ እህቴ ፒኤችሽን ንገሪን፣ ሰልፌትሽንም፣ ሬሳዙሪኑ ምን ቀለም እንደሆነም።

ሞላሰስ_አፍስ፦
ጋሼ ገባኝ ገባኝ ስሜን እቀይራለሁ ሃሃ

ሰረምቦትል፦
እሺ ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። ፒኤች 6.9፣ ባይካርቦኔት ባፈር አድርጌበታለሁ። ሰልፌት መጀመሪያ 20 ሚሊግራም ነበር አሁን ዜሮ፣ ደለሉ ጥቁር ሆኗል ናሙና ስወስድም የበሰበሰ እንቁላል ሸቶኛል። ሬሳዙሪኑ 2ኛና 3ኛው ላይ ነጭ ነው ማለቴ ቀለም የለውም። 1ኛው ላይ... እውነት ለመናገር ናሙና ከወሰድኩ በኋላ ከላይ ከጎማው ስር ቀጭን ሮዝ ቀለበት ይታያል፣ ነቅነቅ ሳደርገው ይጠፋል። ችላ ብዬው ነበር።

የጉድጓድ_ሰው፦
ፒኤች ደህና ነው። ሰልፌቱም ትንሽ ስለነበር አልቋል፣ ሰልፌት በመቶዎች ሚሊግራም ቢሆን ነበር የሚያሳስበኝ፣ ሰልፌት ተንፋሾቹም ለዛችው ሃይድሮጅን ይሻማሉና።

ባለጂሲው፦
የሮዙ ነገር ግን አልወደድኩትም። በሳምንት ስንቴ ነው ናሙና የምትወስጂው?

ሰረምቦትል፦
ሁለቴ።

ባለጂሲው፦
84 ቀን ማለት 12 ሳምንት፣ 24 ቀዳዳ በአንድ ጎማ ላይ፣ ያውም ሁልጊዜ መሃሉን ነው የምትወጊው አይደል? ሁላችንም እንደዛ ነው የምናደርገው። ጎማው ወንፊት ሆኗል። ቲሲኢሽ ያልሾለከው እድል ነው፣ ከውስጥ ሚቴን ስለሚገፋ አየር አልገባ ይሆናል፣ ሲሪንጅ ስትስቢ ግን ይገባል። ጂኦባክተርን የመሰሉት ትንሽ ኦክስጅን ይችላሉ ያገግማሉ፣ ዲሃሎኮኮይድስ ግን አንዴ ኦክስጅን ከነካው አይመለስም።

ጭቃ_ወዳድ፦
እኔ ግን ከሮዙ በላይ 3ኛው ጠርሙስ ላይ ነው አይኔ የቀረው። 3ቱም ጠርሙሶች ከአንድ ደለል ናቸው? ከመስመሩ ብቅ ያለችው ነገር ከዲሲኢ በፊት ነው ወይስ በኋላ የምትወጣው?

ሰረምቦትል፦
ከዲሲኢ በጣም በፊት፣ ከሚቴን ትንሽ ቆይታ። ደለሉ... ቆይ ደብተሬን ላየው። ወይኔ። 1ኛና 2ኛው ከላይኛው የኮር (ከመሬት ተቦርቡሮ የወጣው የአፈር ዘንግ) ክፍል ናቸው 3ኛው ሲያልቅብኝ ከታችኛው ነው የጨመርኩት፣ ጥቁሩ ሸክላ ካለበት። ልዩነት ይኖረዋል ብዬ አላሰብኩም።

ጭቃ_ወዳድ፦
እንግዲህ መልሱን ራስሽ ጻፍሽው። ቦታዋ ትክክል ከሆነ ብቅ ያለችው ቪሲ ናት ማለት ነው፣ ስታንዳርድ (የታወቀ ንጹህ ቪሲ) ወግተሽ አረጋግጪ። ታችኛው ንብርብር ውስጥ ዲሃሎኮኮይድስ አለ፣ ላይኛው ውስጥ የለም ወይም እጅግ ጥቂት ነው። ኦክስጅን አልባና ለአመታት ዲሲኢ የኖረበት ቦታ ነዋ የሚኖረው። በየቦታው ያለ ባክቴሪያ አይደለም፣ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ሞልቶ 10 ሜትር ራቅ ብሎ ያለው ውስጥ ላይገኝ ይችላል። ኪውፒሲአር (የጂን ቅጂ የሚቆጥር ምርመራ) ማሰራት ትችያለሽ? ቪሲአርኤ የሚባለውን ጂን አስለኪ፣ የቪሲ ነቃዩ ኢንዛይም ጂን ነው፣ 16ኤስ (የባክቴሪያውን ማንነት የሚለየው ጂን) ብቻ አይበቃም ምክንያቱም ሁሉም ዲሃሎኮኮይድስ ቪሲ ላይ ማደግ አይችልም፣ ታዋቂው 195 ራሱ ቪሲን በጎን ነው ቀስ ብሎ የሚያወርደው። ቪሲ ላይ የሚያድገው ባቭ1 የሚባለው ስትሬን የወጣው በ2003 ነው። ፊልድ ላይ በሊትር ከ10 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ሲኖር ኢቲሊን ትጠብቂያለሽ።

ሰረምቦትል፦
ኪውፒሲአር የለንም። ለውጭ ላብ መላክም በጀት የለኝም።

ጭቃ_ወዳድ፦
እንግዲያው የድሃ ኪውፒሲአር አድርጊ። ከ3ኛው ጠርሙስ 5 ሚሊ በናይትሮጅን በታጠበ ሲሪንጅ ሳቢና ወደ 1ኛና 2ኛው ውጊ። ቢ12 ጨምሪ፣ 50 ማይክሮግራም በሊትር ይበቃል። ላክቴት አትጨምሪ! ጎማ ቀይሪ፣ ግላቭ ቦክስ (ኦክስጅን የሌለበት ባለ ጓንት ሳጥን) ውስጥ፣ ከዛ በ2 ሳምንት አንዴ ብቻ ውጊ፣ በየጊዜው ሌላ ቦታ ላይ። ጉድለቱ የባክቴሪያው አለመኖር ከሆነ 5 ሚሊ ብቻ ሁሉን ይቀይረዋል። ግን ትዕግስት፣ በደህናው ቀን እንኳን ለመባዛት ከ1 እስከ 3 ቀን ይፈጅበታል፣ ከጥቂት ደግሞ ነው የሚነሳው።

የጉድጓድ_ሰው፦
ይሄ እኮ ፊልድ ላይ በትልቁ የሚሰራው ነው። ቴክሳስ ኬሊ የአየር ኃይል ጣቢያ ላይ የሰሩትን ብታነቢ ይጠቅምሻል፣ በ2002 ነው የወጣው። ምግብ ብቻ ሲሰጡ እንደ አንቺ ሲስ-ዲሲኢ ላይ ቆመባቸው፣ ኬቢ-1 የሚባለውን ዲሃሎኮኮይድስ ያለበት ቅልቅል ሲጨምሩ ኢቲሊን መጣ።

ጠርጣሪ፦
እኔ እንኳን ከኬሚካል ውጪ ያለ ነገር አላምንም፣ ግን ውጤቱን መስማት እፈልጋለሁ። ክሩን እንዳትተይው።

ተራ_አንባቢ፦
እኔም ኖቲፊኬሽን ከፍቻለሁ። ስለ ጠርሙስ እንዲህ እጨነቃለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ጭቃ_ወዳድ፦
አንድ ነገር ረሳሁ፣ እዛ ቦታ ክሎሮፎርም ወይም 1,1,1-ትራይክሎሮኢቴን አልተገኘም አይደል? ሁለቱም ዲሃሎኮኮይድስን ያደነዝዙታል፣ እነሱ ካሉ ቀድሞ እነሱን የሚነቅለው ዲሃሎባክተር መምጣት አለበት።

ሰረምቦትል፦
የለም፣ ስካን አድርጌ ነበር ቲሲኢ ብቻ ነው። እሺ ዛሬ ማታ ግላቭ ቦክስ ይዣለሁ።

(ከ8 ሳምንት በኋላ)

ሰረምቦትል፦
ሰላም፣ አልተውኩትም! 140ኛ ቀን። መጀመሪያ 3ኛው፣ ያቺ ብቅ ያለችው ነገር የምር ቪሲ ነበረች፣ በስታንዳርድ አረጋገጥኩ። አሁን ዲሲኢ 0.6፣ ቪሲ 2.9፣ እና ኢቲሊን 0.6። በማይክሮሞል ሳደርገው (ተምሬአለሁ) 6 እና 46 እና 21፣ ድምሩ 74 አካባቢ። መጀመሪያ ያስገባሁት 76። ከሚቴኑ ተራራ ጎን ያችን የኢቲሊን ፒክ ሳያት የሚቴን ጅራት መስላኝ ሁለቴ ነው ደግሜ የወጋሁት።

2ኛው 5 ሚሊ ከተሰጠው በኋላ 3 ሳምንት ምንም አልነበረም፣ ተስፋ ቆርጬ ነበር። በ4ኛው ሳምንት ቪሲ ጀመረ። ዛሬ ዲሲኢ 4.1፣ ቪሲ 1.9፣ ኢቲሊን ገና ምልክት ብቻ።

ባለጂሲው፦
42 እና 30፣ ሚዛኑ ይዟል። እንኳን ደስ አለሽ!!

ጭቃ_ወዳድ፦
ያ የ3 ሳምንት ዝምታ ራሱ ዳታ ነው፣ በቴሲስሽ ውስጥ እንዳትሰርዢው። ምግብ ወይ ቢ12 ብቻ ቢሆን የጎደለው ወዲያው ነበር የሚነሳው፣ የዘገየው ከ5 ሚሊ ውስጥ ጥቂት ሴሎች ተባዝተው እስኪበቁ ነው። ቢ12 ብቻ የተጨመረበት ሌላ ጠርሙስ ቢኖርሽ ደግሞ አፍ ያዘጋ ነበር፣ ለሚቀጥለው ይሁን።

ጠርጣሪ፦
ቪሲው 2.9 ሚሊግራም ነው ግን። ማለትም 2,900 ማይክሮግራም፣ ከ2 ጋር ሲተያይ።

ሰረምቦትል፦
አውቃለሁ፣ ገና ነው። ከላይ ያልካት ነገር ስለከነከነችኝ የቪሲ መስመሩ መውረድ እስኪጀምር ድረስ አልዘጋውም። ያለፈው ናሙና ላይ 3.3 ነበር ዛሬ 2.9።

የጉድጓድ_ሰው፦
ጎበዝ። 1ኛውስ ምን ሆነ?

ሰረምቦትል፦
1ኛው እስካሁን 7.1 ላይ ነው። 5 ሚሊውን በሰጠሁት በማግስቱ ጠዋት ስገባ ሙሉ ለሙሉ ሮዝ ሆኖ ጠበቀኝ። አዲሱን ጎማ ሳስር አሉሚኒየሙ አንድ ጎን ላይ አልተጨመቀም ነበር፣ በጥፍሬ ሳዞረው ይዞራል።